ኦሮራ ፍለጋ ግሸን ድረስ

መስከረም 18፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ

ጎህ ሳይቀድ ላምበረት መናኸሪያ ተገናኘን። የአክስቴ ልጅ ከኖርዌይ ከመጣ ገና ጥቂት ቀኑ ነው። የሚኖረው ትሮምሶ ነው፤ 69 ዲግሪ ሰሜን ላይ ያለች፣ በፈረንጆቹ ክረምት መሐል ለሳምንታት ፀሐይ የማትወጣባት ከተማ። ቤተሰቡ ስሙን ትቶ «ኖርዌዩ» ይለዋል። ግሸን ማርያም የምንሄደው ለእናቱ ስለት ነው። ጉልበቷን ስላመማት «ዘንድሮ እግሬ አንተ ሁነኝ» አለችው። እኔ አጃቢ ነኝ። ደሴ ላይ የሚጠብቀኝ ምግብ ስላለም ብዙ አልተግደረደርኩም።

አውቶቡሱ ለገጣፎን ሳያልፍ የኖርዌዩ ስልክ ጢው አለ። የሕዋ አየር ሁኔታ መከታተያ መተግበሪያ ነው። እዚያ አገር ይሄ ብርቅ አይደለም።

«ፀሐይ ተፍታለች» አለኝ።

«ምን ተፋች?»

«የጋዝና የማግኔት ደመና። ከነገ ወዲያ ሌሊት ምድር ላይ ይደርሳል ነው የሚሉት። ያኔ እኛ ጋ ሰማዩ በቀለም ያበራል፤ ኦሮራ የምንለው እሱን ነው።»

ቀኑን ቆጠርን። ከነገ ወዲያ መስከረም 20 ነው፤ ግሸን የምናድርበት ሌሊት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፀሐይ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የሚታይባቸው ቦታዎች ማግኔታቸው የተወሳሰበ ነው። ውስብስቡ በድንገት ሲፈታ ብልጭታ ይፈነዳል። አንዳንዴም በቢሊዮን ቶን የሚገመት የጋለ ጋዝ ከነማግኔቱ ይወነጨፋል። የብልጭታው ብርሃን በ8 ደቂቃ ይደርሰናል። ደመናው ግን 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ማቋረጥ አለበትና አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይወስድበታል። የቸኮለም አለ። እ.ኤ.አ. በ1859 እንግሊዛዊው ሪቻርድ ካሪንግተን ብልጭታውን በቴሌስኮፕ ካየ ከ17 ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ማዕበሉ ምድርን መታ። ትንበያ የሚባለው ሥራ የሚሠራው በዚህች ክፍተት ውስጥ ነው።

ከኋላችን የተቀመጠች ልጅ ጮኸች። «ኧረ ይሄን እዩ!» ቴሌግራም ላይ የመጣ ፎቶ ነው። ላሊበላ፣ ቤተ ጊዮርጊስ፣ ከላዩ ላይ አረንጓዴ መጋረጃ ተዘርግቶ። ከሥሩ «በኢትዮጵያ ሰማይ! እንዳያመልጣችሁ!» ይላል። ስልኩ ከወንበር ወንበር ዞረ። አንዱ «ላሊበላ ከታየ ወልዲያም ይታያላ» አለ። ረዳቱ ሒሳብ መሰብሰቡን ትቶ መጥቶ አየ።

ኖርዌዩ ፎቶውን አየና ሳቀ። «አረንጓዴው ከ100 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው የሚበራው። ኦክስጅን ነው። አናትሽ ላይ አረንጓዴ ካየሽ ቀጥ ብሎ ከሥሩ ነሽ ማለት ነው። እንደኛ ወደ ምድር ወገብ የቀረበ ሰው በሕይወቱ አንዴ ቢቀናው እንኳ የሚያየው ቀይ ነው። እሱም ወደ ሰሜን፣ አድማሱ ላይ ዝቅ ብሎ።» ቀዩም ያው ኦክስጅን ነው፤ ግን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ፣ አየሩ በጣም በሳሳበት። ከፍ ስላለ ነው ከሩቅ የሚታየው።

«ታዲያ ፎቶው?» አለች ልጅቷ።

«ኮምፒውተር የሠራው ነው።»

ቅር አላት። ቢሆንም ለሦስት ሰው ስትልከው አይቻለሁ።

ደብረ ብርሃን ቁርስ በላን። ብርዱ እንደ ልማዱ አጥንት ይሰብራል። ከተማዋ የተቆረቆረችው ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰማይ ላይ ብርሃን ካዩ በኋላ ነው ይባላል። ኖርዌዩ ሻዩን እያማሰለ «እሱስ ኦሮራ ቢሆንስ?» አለ። ታሪክ ጸሐፊዎች የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሊሆን ይችላል ይላሉ፤ ኮከቡ እ.ኤ.አ. በ1456 ታይቷል። እኔም ወደዚያው አደላለሁ። ብርሃኑ ለቀናት ቆየ ነው የሚባለው። ኦሮራ ደግሞ እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም፤ ይመጣል፣ ይወዛወዛል፣ ይሄዳል። የምንሄድበት ግሸንም ከእኚሁ ንጉሥ ጋር የተያያዘ ነው። ግማደ መስቀሉ በእሳቸው ዘመን እዚያ እንደገባ ይታመናል።

ከጣርማበር ዋሻ ወዲያ ቁልቁለት ነው። ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ ከሚሴ። ሹፌሩ በየከተማው እየደወለ «መንገዱ ሰላም ነው?» ይላል። ሰላም ነበር። ኮምቦልቻ ጃኬት አወለቅን፣ ሐረጎን ስንወጣ መልሰን ለበስን። ደሴ መሽቶ ገባን።

መስከረም 19፣ ደሴ

ያረፍነው ሆጤ፣ የእናቶቻችን አክስት ቤት ነው። እማማ ጠዋት ቡና አቀረቡ። ጭሱ ቤቱን ሞልቶታል። የመጀመሪያውን ስኒ «ጀባ» ብለው ለኖርዌዩ ሰጡትና ወዲያው ጥያቄ አስከተሉ።

«ሰማዩ ሊቀላ ነው አሉ። እውነት ነው ልጄ?»

ወሬው እሳቸውም ጋ ደርሷል። ከጎረቤት ነው የሰሙት። «ሰማይ ሲቀላ ደግ አይደለም ይሉ ነበር አባቶቻችን። ወይ ጦር ነው፣ ወይ ችጋር።»

«አይቀላም እማማ፣ አብሽሩ። አንቱ ብቻ ቡናውን ቅዱልን» አላቸው።

እሳቸው ቶናውን ሲያፈሉ እኔ ስልኩን ተቀብዬ ያፈጠጥኩበት ቁጥር ኬፒ ይባላል። የምድር ማግኔት ምን ያህል እንደተናወጠ የሚያሳይ ነው፤ ከ0 እስከ 9 ይሄዳል። 5 ሲሞላ የማግኔት ማዕበል ተነሳ ይባላል፤ አንደኛ ደረጃ። 9 ከደረሰ አምስተኛውና የመጨረሻው ደረጃ ነው። ለእኛ ሌሊት የተተነበየው 6 ወይ 7 ነበር። ሰዉ የተንጫጫው በዚህች ቁጥር ነው። ግን ኬፒ የሚሰላው ከ13 የማግኔት ጣቢያዎች ልኬት ነው። አብዛኞቹ አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ናቸው፤ በደቡብ በኩል አውስትራሊያና ኒውዚላንድ። ከእኛ ሰፈር አንድም የለበትም። ስለዚህ «ኬፒ 7» የሚለውን ይዞ ደሴ ላይ ሰማይ ማየት፣ በሌላ ሰው ቴርሞሜትር የራስን ትኩሳት መለካት ነው።

ይባስ ብሎ ኖርዌዩ ራሱ ትሮምሶ ላይ ኬፒን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። «ኦሮራ የሚበራበት ቀለበት የሚያልፈው እኛ አናት ላይ ነው። ኬፒ 1 ወይ 2 ቢሆንም እናያለን። እኔ የማየው የደመና ትንበያ ነው» ይላል። ቱሪስቱ ኬፒ 6 ተባለ ብሎ ገንዘቡን ከስክሶ ይመጣል፤ ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ በረዶ ሲዘንብበት ያድራል። ይህን ሲያወራ በጣም ነው የሚስቀው። ትንሽ ጭካኔ አለበት።

እሱ የሚያምነው ሌላ ቁጥር ነው። ደመናው የተሸከመው ማግኔት ወደ ሰሜን ነው ወደ ደቡብ ያዘነበለው? ወደ ደቡብ ከሆነ ከምድር ማግኔት ጋር ይያያዛል፤ በሩ ይከፈታል፣ ጉልበቱ ይገባል። ወደ ሰሜን ከሆነ አብዛኛው ታክኮ ያልፋል። ችግሩ ይህን ከምድር ሆኖ አስቀድሞ ማወቅ አለመቻሉ ነው። በፀሐይ አቅጣጫ 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀው የቆሙ ሳተላይቶች አሉ። ደመናው እነሱን ሲያጥብ ነው አቅጣጫው የሚለካው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጊዜ ከሩብ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። የሦስት ቀኑ ትንበያ «ይመጣል መሰለኝ» ነው። ቁርጡ የሚታወቀው ደጃፍ ሲደርስ ነው።

ሌላው ጣጣ ሰዓቱ ነው። ሰንጠረዡ የሚያወራው በግሪንዊች ሰዓት ነው። ኖርዌዩ መጀመሪያ ወደ ኖርዌይ ሰዓት ይለውጣል፣ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ የፈረንጅ ሰዓት፣ ከዚያ ወደ ሐበሻ። በጣቱ ሲቆጥር ቡናው ቀዘቀዘ። አቋራጩን አሳየሁት። ከግሪንዊቹ ላይ ሦስት ቀንስ፣ አለቀ። 18 ሰዓት ካለ 15 ይሆናል፤ 15 ማለት ማታ 3 ሰዓት። ዓይኑ ፈጠጠ። ሐበሻ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ሕዝብ ነው ብዬ ጉራዬን ነዛሁ።

ማታ የድሮ የክፍል ጓደኛው መጣ። ሰርቬየር ነው፤ ከባቲ ወዲያ፣ ወደ ሚሌ በሚወስደው ቆላ፣ መንገድ ይለካል። ቀን ሙቀቱ ስለማያሠራ ብዙውን ጊዜ አምሽተው ይሠራሉ። ስለ ኦሮራ ስናወራ ትንሽ አዳመጠና «እኔ ሌላ ጥያቄ አለኝ» አለ።

«ፀሐይ ስትጠልቅ የጂፒኤስ መለኪያዬ፣ ሮቨሩ፣ ያብዳል። ቀን ፊክስ ይዞ፣ ማለት ቦታውን ቁርጥ አድርጎ፣ በሁለት ሴንቲ ሜትር ልክ ያሳየኛል። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ካለፈ ግን ፍሎት ላይ፣ ግምት ላይ፣ ይቀራል። ነጥቡ ግማሽ ሜትር ይዘላል። ቋሚ ጣቢያውን፣ ቤዙን፣ ቀየርኩ፣ ባትሪ ቀየርኩ፣ አንቴና ቀየርኩ። አለቃዬ ‹አንተ ነህ የማትችለው› ብሎ ሰው ፊት ተቆጣኝ።»

ኖርዌዩ መጠየቅ ጀመረ። በየትኛው ወር ይብሳል? መስከረምና ጥቅምት። ሌላ ጊዜስ? መጋቢትና ሚያዝያ። እኩለ ሌሊት ካለፈስ? ይሻላል። «በል እንግዲህ፣ መሣሪያህ ጤነኛ ነው» አለው።

እኔን በጉዞው ሁሉ የማረከኝ ይሄ ክፍል ነው። ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ያለው አየር በፀሐይ ጨረር ተመትቶ ኤሌክትሮኖቹ የተለቀቁበት ንብርብር ነው። የጂፒኤስ ምልክት እሱን አቋርጦ ነው የሚመጣው። ፀሐይ ስትጠልቅ የታችኛው ክፍል ቶሎ ይሳሳል፤ የላይኛው እንደከበደ ይቆያል። ከባዱ ከላይ፣ ቀላሉ ከታች ሲሆን ሚዛኑ ይፈርሳል። የሳሳው ክፍል እንደ አረፋ እየሆነ ሽቅብ ይወጣል። ምልክቱ በአረፋዎቹ መሐል ሲያልፍ ይንቀጠቀጣል፣ ይቆራረጣል። ይህ የሚሆነው በማግኔት ወገብ፣ የምድር ማግኔት ከመሬት ጋር ጎን ለጎን በሚጋደምበት መስመር፣ ግራና ቀኝ ባለ ሰፊ መቀነት ውስጥ ነው። ቀንና ሌሊት በሚተካከሉበት ሰሞን ይጠናል፤ የፀሐይ እንቅስቃሴ በሚበረታበት ዘመን ደግሞ ይብሳል። አሁን ያለንበት የፀሐይ እንቅስቃሴ ዑደት 25ኛው ነው። የጀመረው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ነው፤ የጡዘቱ ዘመን መግባቱም በጥቅምት 2024 ተነግሯል። ማግኔታዊው ወገብ ደግሞ የሚያልፈው ኢትዮጵያ ላይ፣ ከአዲስ አበባ ብዙም ሳይርቅ ነው። ወሎ ከእሱ ትንሽ ወደ ሰሜን ናት።

ቀንም ቢሆን አናታችን ላይ ሥራ አለ። በ105 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ይህንኑ ወገብ ተከትሎ፣ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈሳል። እኩለ ቀን ሲቃረብ ይበረታል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የማግኔት ጣቢያ ከ1950 ዓ.ም ጀምሮ ሲመዘግብ የኖረው ይህንን ጭምር ነው። እዚያ ግቢ በር ላይ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ።

ሰርቬየሩ ቅሬታው ወደ ኩራት ተቀየረ። «ስለዚህ አለቃዬን ሄጄ የሕዋ አየር ነው ልበለው?»

«በለው። ወረቀትም አሳየው።»

ሊሄድ ሲነሳ የሁላችንንም ጥያቄ ጠየቀ። «ኦሮራው ግን እዚህ በፍጹም አይታይም?»

ኖርዌዩ ሶፍት ላይ ክብ ሳለ። 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ቀይ ብርሃን 2200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ላለ ሰው አድማሱ ላይ ብቅ ሊል ይችላል። ከእኛ ወደ ሰሜን 2200 ኪሎ ሜትር ስትለካ ካይሮ አካባቢ ትደርሳለህ። ስለዚህ ወሎ ላይ ጭላንጭሉ እንዲታይ ኦሮራው ቢያንስ ካይሮ ሰማይ ላይ መውረድ አለበት። በግንቦት 2016 ዓ.ም የተነሳው ማዕበል እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ አምስተኛ ደረጃ የደረሰ የመጀመሪያው ነበር። ፍሎሪዳና ሜክሲኮ ድረስ ታይቷል። ለእኛ ግን አልበቃም።

አንድ ጊዜ ግን ቀርቧል። ጥር 27 ቀን 1864 ዓ.ም፣ በፈረንጅ የካቲት 4 ቀን 1872፣ ቦምቤይና ካርቱም ላይ ኦሮራ መታየቱ ተመዝግቧል። ካርቱም! ቀኑን ሳሰላው ደነገጥኩ። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ አክሱም ላይ ከነገሡ ገና ሁለት ሳምንታቸው ነው። የወሎ ሰው ያን ሌሊት ቀና ብሎ ቢሆን ምን ያይ ነበር? ካርቱም ከኛ ወደ ሰሜን የምትርቀው አራት ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። በሰሜን በኩል ተራራ ካልጋረደው ቀይ ነገር ማየቱን አልጠራጠርም። እማማ «አላልኳችሁም?» አሉ።

መስከረም 20፣ ከደሴ ወደ ግሸን

ከደሴ ግሸን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ግን ቁጥሩን አያምንም። በኩታበር በኩል ነው የወጣነው። ሚኒባሱ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ነው። ከጎኔ ያሉ እናት ከሰቆጣ ተነስተው በየመንገዱ እያደሩ የመጡ ናቸው። አደይ አበባው ገደሉን ሁሉ አልብሶታል፤ ማሽላው አንገት ላይ ደርሷል።

ሻይ ለመጠጣት ስንቆም ኖርዌዩ ኮምፓሱን አወጣ። የተራራ ኮምፓስ ነው፣ ከትሮምሶ የገዛው። ሰሜን የቱ ጋ እንደሆነ ለማታ ሊለይ ፈልጎ ነበር። መርፌው አልዞር አለ። አዘንብሎ ያዘው፣ ቀጥ አደረገው፣ በጥፍሩ ኳ ኳ አደረገው። ቀረብ ብዬ አየሁት። የመርፌው ደቡባዊ ጫፍ ወደ ታች ደፍቶ የመስታወቱን ወለል ይፍቃል። ቀዩ ጫፍ ሽቅብ ተንጋሏል።

«ተበላሽቷል?»

«አልተበላሸም። ለዚህ አገር አልተሠራም።»

ትሮምሶ ላይ የምድር ማግኔት ቁልቁል ሊተከል ምንም አይቀረው፤ ወደ 78 ዲግሪ ያዘቀዝቃል። ሰሜናዊው ጫፍ መሬት መሬት ስለሚያይ ፋብሪካው በደቡቡ በኩል ክብደት ይጨምርበታል። እዚህ ደግሞ ማግኔቱ ከመሬት ጋር ጎን ለጎን ተጋድሟል፤ የሚያዘቀዝቀው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። የሚጎትተው ስለሌለ የተጨመረው ክብደት ብቻውን ደቡቡን ደፋው።

በዚህች መርፌ የትንበያው ሁሉ ምስጢር ቁልጭ አለልኝ። ከፀሐይ መጥተው የምድር ማግኔት ውስጥ የገቡ ቅንጣቶች እንደፈለጉ አይወድቁም። የማግኔቱን መስመር ተከትለው ነው የሚንሸራተቱት። መስመሩ ወደ መሬት በሚሰጥምበት፣ ወደ ዋልታዎቹ፣ ቁልቁል ይገባሉ፤ አየሩን ይመቱታል፤ ያበራል። እኛ ጋ መስመሩ በላያችን ተጋድሞ ያልፋል እንጂ አይወርድም። ስለዚህ በማዕበል ጊዜ ቀለበቱ ወደ ታች እየሰፋ ቢመጣም እኛ ጋ ሳይደርስ ይደክማል። መተግበሪያው ላይ «የአንተ ዕድል 0 በመቶ» የሚለው ከዚህ የመጣ ነው። ደመና ነሐሴ ላይ ቢጋርድ፣ ኅዳር ላይ ቢጠራ፣ ዜሮው ዜሮ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሽቅቡን ጀመርነው። አምባው ዙሪያውን ገደል ነው። ነገሥታት ልጆቻቸውን እዚህ ያስሩ የነበረው ወደው አይደለም። ሰው ግንብ ቢሠራ ይህን ያህል አይሳካለትም። ኖርዌዩ በረዶ ላይ ሲሮጥ የኖረ ነው፤ ግሸን ላይ ግን አንድ የሰባ ዓመት ሽማግሌ በባዶ እግራቸው ቀድመውት «በርታ ልጄ» ብለውታል። እኔ ከኋላ ስለነበርኩ ዝም አልኩ።

ከላይ ስንደርስ ሰው እንደ አሸዋ ነው። ድንኳን፣ ጀነሬተር፣ ሻማ ሻጭ፣ በሶ በጥብጠው የሚጠጡ ወጣቶች። ቦታ ያዝንና ዋዜማው ተጀመረ። ኔትወርኩ በሰዉ ብዛት ሞቷል። በስተሰሜን ያለው ጠርዝ ላይ ብቻ አንድ ሁለት መስመር ብልጭ ትላለች። ጨረቃዋ ደግሞ ገና ሰማይ ላይ ነበረች፤ እስክትጠልቅ ጠበቅን።

ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ወደ ጠርዙ ወጣን። ማኅሌቱ ከኋላችን ይሰማል። ኖርዌዩ ስልኩን ከፍ አድርጎ ቆሞ ቆሞ መረጃው ገባ። የፀሐይ ደመናው ደርሷል። የማግኔቱ አቅጣጫ ወደ ደቡብ ወርዷል፤ የፀሐይ ነፋሱ ፈጥኗል። ትሮምሶ ያለው ጓደኛው መልእክት ልኮለት ነበር። «ደመና ነው፣ ምንም አይታይም» ይላል። እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ የሚታይ ነገር የለም። እዚያ የሚታይ ነገር አለ፤ ሰማዩ ተዘግቷል። ኖርዌዩ በዚህ ጊዜ አልሳቀም።

ያም ሆኖ ወደ ሰሜን አየን። ደርዘን የሚሆኑ ወጣቶች ተከትለውናል፤ ቴሌግራሟን ያነበቡ ናቸው። አንዱ «ያውና!» ባለ ቁጥር ሁሉም ይዞራል። የመኪና መብራት ነበር። ሌላ ጊዜ የእረኛ እሳት።

ኖርዌዩ ካሜራውን ድንጋይ ላይ አስደግፎ ሠላሳ ሰከንድ ከፍቶ አነሳ። ምስሉ ሲወጣ ወጣቶቹ ጮኹ። ከአድማሱ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከዋክብቱ መሐል፣ ሐመር አረንጓዴ ጭረት አለ። እኔም ልቤ ዘለለ።

«ኦሮራ ነው?»

«አይደለም። አየሩ ራሱ ነው የሚያበራው።»

ቀን ፀሐይ የኦክስጅንን ጥንዶች ትለያያለች። ሌሊት አቶሞቹ መልሰው ሲገናኙ ያን ጉልበት በብርሃን መልክ ይለቁታል። ይህ በ95 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በመላው ዓለም፣ በየሌሊቱ ይሆናል። ቀለሙም ከኦሮራው አረንጓዴ ጋር አንድ ነው፤ ያው ኦክስጅን፣ ያው 557.7 ናኖሜትር። በጣም ደካማ ስለሆነ ዓይን ቀለሙን አይለየውም፤ ካሜራ ግን ይለቅመዋል። ማዕበል አይጠብቅም፣ ኬፒ አይጠይቅም።

አንዱ ወጣት «ፎቶውን ላክልኝ፣ ልልቀቀው» አለ። ኖርዌዩ ላከለት፣ ግን «ኦሮራ ብለህ እንዳትጽፍ» ብሎ ሦስት ጊዜ አስማለው። ምን ብሎ እንደጻፈ አላየሁም፤ እጠረጥራለሁ እንጂ።

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ በምሥራቅ በኩል ሌላ ብርሃን ተነሳ። ሰፊ መሠረት ያለው፣ ወደ ላይ የሚሾል፣ ነጣ ያለ። ንጋት መስሎኝ ነበር። ፕላኔቶቹ በሚዞሩበት ሜዳ ላይ የተበተነ አቧራ ነው፤ የፀሐይን ብርሃን ይመልሳል። ትሮምሶ ላይ ይህን ለማየት እድል የለም ማለት ይቻላል፤ የፀሐይ መንገድ አድማሱ ላይ ተጋድሞ ስለሚሄድ። እኛ ጋ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ኖርዌዩ ከዚህ በፊት አይቶት አያውቅም። ከኦሮራ ይልቅ ይህን ነው ደጋግሞ ያነሳው።

መስከረም 21፣ ንግሥ

እንቅልፍ የሚባል የለም። ቅዳሴው፣ ታቦቱ፣ እልልታው፣ ግፊያው። ስለቱ ደረሰ፤ ኖርዌዩ ለእናቱ ደውሎ ድምፁን አሰማት፣ አለቀሰች። ቁልቁለቱ ጉልበት ጨረሰን። ደሴ ስንደርስ እማማ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ቀላ?» ነበር።

«አልቀላም።»

«ተመስገን» ብለው እግር መታጠቢያ ውሃ አቀረቡ።

መስከረም 22፣ ደሴ

ጠዋት ሰርቬየሩ ሳያንኳኳ ገባ። ዓይኑ ቀልቷል፣ ሌሊቱን ሠርቶ ነው የመጣው። የሚነግረን ነገር ነበረው። መስከረም 20 ማታ፣ ማዕበሉ ገና ሳይደርስ፣ ሮቨሩ እንደ ልማዱ ፍሎት ላይ ቀርቷል። ትናንት ማታ ግን፣ በማዕበሉ ማግስት፣ ፊክሱ ሳይለቅ አምሽቷል። የሁለት ምሽት ሥራ በአንድ ጨረሰ። «ማዕበል ያበላሻል አላልከኝም?»

ኖርዌዩ ትንሽ አሰበ። ማዕበል ሁልጊዜ አያባብስም። ወደ ዋልታዎቹ የገባው ጉልበት እዚያ ያለውን የላይኛውን አየር ያሞቀዋል። ከዚያ የሚነሳው ነፋስ ወደ ወገብ ሲመጣ በማግስቱ የኤሌክትሪክ መስኩን ይገለብጠዋል። አመሻሹ ላይ ንብርብሩን ሽቅብ የሚያነሳው ኃይል ይዳከማል፤ አረፋው አይፈላም። ሌላ ጊዜ ደግሞ ማዕበሉ ልክ ፀሐይ ስትጠልቅ ከደረሰ ተቃራኒው ሊሆን ይችላል። እንደሰዓቱ ነው። ኬፒ ይህን አይነግርህም፤ ሰሜኖቹ ጋ ኦሮራ ታየ የሚለው ዜናም አይነግርህም።

«እና እኔ የቱን ልከተል?»

መተግበሪያውን ስልኩ ላይ ጫነለት። የኦሮራውን ማንቂያ አጠፋና የማግኔት ማዕበሉን ብቻ አስቀረለት። ጥንቃቄ የሚፈልገውን ልኬት ከጠዋት እንዲያደርገው፣ የማታውን እስከ ኅዳር ጂፒኤስ በማይፈልገው መለኪያ፣ በቶታል ስቴሽን፣ እንዲይዘው መከረው። ሰርቬየሩ «አለቃዬ ቶታል ስቴሽን ሊከራይልኝ አይደል» ብሎ በምሬት ሳቀ።

«ቀጣዩስ መቼ ነው?»

ፀሐይ ከኛ አንጻር በ27 ቀን ገደማ አንዴ ትዞራለች። ያ ነጠብጣብ እስከዚያ ካልከሰመ ተመልሶ የሚገጥመን ጥቅምት 15 አካባቢ ነው። ይተፋ ይሆናል፣ አይተፋም ይሆናል። ሰርቬየሩ የመስክ ደብተሩን አወጣና «ጥቅምት 15፣ ማታ» ብሎ ጻፈ። ከፊቱ የጥያቄ ምልክት አደረገበት። ከዚያ ቁርስ ጠየቀ።